ኮፈኑ እስኪቀዘቅዝ

እትዬ ጽጌ አባባን «መኪና ይዩልኝ» አሉት።

ወሬው ይኼው ነው። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ ጎጃም በረንዳ ማር የሚያከፋፍሉ ሴት ጡረታ የወጣ መካኒክ አስጠሩ፣ አለቀ። እኛ ቤት ግን እናቴ ሽንኩርት የከተፈችበትን እጇን ሳትታጠብ ከማድቤት ወጥታ «ማን አለሽ? ጽጌ ራሷ? ወይስ ሰው ልካ?» አለችኝ። ራሳቸው ናቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አስቁመውኝ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አድርገው፣ «ሀያት፣ ለጋሼ ከድር ንገሪያቸው። ቅዳሜ መኪና አያለሁ። እሳቸው ካልመጡ አልገዛም» ብለውኛል። ከዚያ እስከ ቤት ሮጬ ስለመጣሁ ለእናቴ የመለስኩላት ራሴን በመነቅነቅ ብቻ ነበር።

አባባ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ደህና በሚሰማው በግራ ጆሮው በኩል ዞሬ ደገምኩለት። ጉልበቱን ደግፎ ተነሳ፤ ወደ ፍሪጁ ሄዶ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማግኔት አላቀቀው። ማግኔቱ ይዞት የነበረው የመብራት ቢል መሬት ወደቀ። እናቴ ቢሉን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችውና ሳቀች። እኔ ያኔ ነው እልል ያልኩት።

ለምን እልል እንዳልኩ እንዲገባችሁ ከኋላ መጀመር አለብኝ። የአማርኛ መምህራችን ስለ አንድ ባለሙያ ጻፉ ብለውን የጻፍኩትን ክፍል ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ካነበቡልኝ ወዲህ፣ «ይኼ ጅምሩ ነው፤ ሙሉውን ጻፊው» ካሉኝ ወዲህ፣ እጄ አላርፍ ብሏል። እንግዲህ ይኼው ሙሉው። የሥራ ዘመኑ የአባባ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን እኔም አለሁበት።

አባባ የምለው አያቴን ነው። ገበያው ጋሼ ከድር ይለዋል። ከስልጤ አገር አጎቱን ተከትሎ መርካቶ ሲመጣ ከእኔ ያነሰ ልጅ ነበር። መጀመሪያ የገባው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን የነበራቸው ጋራዥ ነው፤ ሥራው የተፈታ ዕቃ በቤንዚን ማጠብ። ሰውየውን «ሲኞር» ብቻ ነው የሚላቸው። ሲኞር ጠዋት ግቢ ሲገቡ ማንንም ሰላም ከማለታቸው በፊት በቆሙት መኪኖች መሃል እያለፉ የእያንዳንዱን ኮፈን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ይነኩ ነበር አሉ፣ ያተኮሰውን ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው። በመዳፍ ግን አይደለም። የሠራተኛ መዳፍ ደንዝዟል፤ ሙቀት የሚያውቀው የእጅ ጀርባ ነው። «ይቺ ሌሊት ወጥታለች» ይሉና የሌሊት ዘበኛው አንገቱን ይደፋል። አባባ ከሲኞር ጥገና ተማርኩ ሲል ሰምቼው አላውቅም። «እጄን መገልበጥ ተማርኩ» ነው የሚለው።

በደርግ ጊዜ ደግሞ የመንግሥት የጭነት መኪና ድርጅት ገባ። የዚያ አለቃ መኪና አያውቁም፣ ሪፖርት ግን ይወዳሉ። ሁሉም መኪና «ደህና ነው» ተብሎ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ። አባባ የታዘዘውን ይሞላና ሾፌሩን ለብቻው ጠርቶ «ፍሬንህን ሳትሞክር ቁልቁለት እንዳትገባ» ይለው ነበር። «ሁለት ቋንቋ የተማርኩት እዚያ ነው» ይላል። «ለወረቀት አንድ፣ ለሰው አንድ።»

መንግሥት ሲለወጥ ድርጅቱ ሠራተኛ ቀነሰ፤ አባባም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። የሰጡት ትንሽ ነበር፣ ስለሱ ብዙ አያወራም። ግን ያው ጊዜ መርካቶ በመኪና የተሞላበት ጊዜ ነው። ያገለገሉ መኪኖች በጅቡቲ በኩል ይገባሉ፤ ትናንት ዕቃውን በጋሪ ያመላልስ የነበረ ነጋዴ ዛሬ መኪና ልግዛ ይላል፤ ሊገዛ ሲሄድ የሚያየው ቀለሙን ነው። አባባ በአባቴ የመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አስቀመጠና «ከመግዛታችሁ በፊት አሳዩኝ» ማለት ጀመረ። ጋራዥ ክፈት ቢሉትም እምቢ አለ። የሚጠግን ሰው ብልሽት ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ስለዚህ ዓይኑ አይታመንም ነው የሚለው። ክፍያው መኪናዋ ብትገዛም ባትገዛም ያው ነው። ከሻጭ ቤት ደግሞ ውኃ እንኳ አይጠጣም።

ስሙ የወጣው በአንድ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሰውየው ቀይ፣ የምታብረቀርቅ መኪና ወዶ ቀብድ ሊሰጥ ትንሽ ሲቀረው ጎረቤቶቹ «እስቲ ለከድር አሳየው» አሉት። አባባ በሩን ሲከፍት መኪናዋ ውስጥ ሽቶ አፈነው። ቀለሟን አላየም፣ ሞተሯንም አልከፈተም። ጎንበስ ብሎ የእግር ምንጣፏን ገለጠና ከሥሩ በጣቱ ቆንጠር አድርጎ አወጣ፤ ደቃቅ የወንዝ አሸዋ። ነጋዴው አሸዋውን አየ፣ ሻጩን አየ፣ «ወንድሜ፣ ይቺን እየነዳህ ነው ያመጣሃት እየዋኘች?» አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጨርቅ ተራ ያለ አባባ መኪና አይገዛም ነበር።

በተለይ የታወቀው ግን ትንንሾቹን ባለ አራት እግር መኪኖች በማየት ነው። ከቤት መኪና ከፍ፣ ከትልቁ የገጠር መኪና አነስ ያሉት፤ ትርፍ ጎማቸውን የኋላ በራቸው ላይ የሚሸከሙት። አባባ «አዛዮች» ይላቸዋል፣ ጎማቸውን እንደ ልጅ ስላዘሉ። ከተማም ገጠርም ስለሚሄዱ መርካቶ ይወዳቸዋል። ስለሚወዳቸውም ይታለልባቸዋል።

እኔ ሥራ የገባሁት ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ነው። የአባባ ቀኝ ጆሮ እየከዳው መጣ፤ ጉልበቱም መኪና ሥር አልገባም አለ። አንድ ቅዳሜ «ጆሮሽን አውሺኝ» አለኝና በዚያው ቀረሁ። ሙሌ የሚባል ምላሱ የማያርፍ የሰፈራችን ደላላ አለ፤ ሻርፔን አጥብቄ መኪና ሥር ስገባ አይቶ «ጋሼ ከድር፣ አሁን ደግሞ በልጅ ማስፈራራት ጀመሩ?» አለ። አባባ «አንተን የሚያስፈራህ ልጅቷ አይደለችም፤ የያዘችው ባትሪ ነው» አለው። እውነቱን ነው። ደላላ መኪና ሥር መብራት ሲበራ አይወድም።

አዛይ ስትታይ ከኋላዋ ነው የሚጀመረው። የኋላ በሯ ያን ከባድ ጎማ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ስለሚኖር መጀመሪያ የሚደክመው እሱ ነው። በሩን ግማሽ ከፍታችሁ በሁለት እጅ ወደ ላይ ቀና አድርጉት፤ ከተወዛወዘ ማጠፊያው ተበልቷል። ያዘነበለ በር ዝናብ ያስገባል፤ ስለዚህ ቀጥሎ ምንጣፉ ይገለጣል፣ ይሸተታል። ከዚያ ማግኔቱ ይመጣል። አባባ ከምን አለሽ ተራ ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ገዝቶ ቀለም እንዳይጭር በጨርቅ ሰፍቶታል። ላሜራ ላይ ይጣበቃል፤ የተጋጨ ቦታ በስቱኮ ተሞልቶ ከተቀባ ግን አይዝም፣ ይወድቃል። አንድ ቦታ ቢወድቅ ግድ የለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያልተላተመ መኪና ከየት ይመጣል። ከፊት መብራቷ እስከ ኋላ በሯ በአንድ ጎን ከወደቀ ግን ሻንሲዋን፣ ከሥር የሚሸከማትን ብረት፣ ሳናይ ንክች የለም።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋን አያየውም። የፍሬን ፔዳሏን ነው የሚያየው፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የተበላ ላስቲክ አይመለስም። ጎማዎቿንም አራቱንም አንድ በአንድ ያያል። አዛይ በአራቱም እግሯ ስለምትገፋ እኩል ጫማ ትፈልጋለች። ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ ካደረጉላት እግሮቿ እርስ በርስ ሲጓተቱ ኃይሉን የሚያከፋፍለውን ካምቢዮ ይበሉታል። ይኼን ለማወቅ ባዶ ሜዳ ፈልጎ መሪዋን እስከ ጥጉ ጠምዝዞ ቀስ ብሎ መዞር ነው። ቀጭ ቀጭ ካለች የፊት እግሯ መገጣጠሚያ አልቋል፤ ይቀየራል። በገመድ እንደሚጎተት በግ ወደ ኋላ ከያዘች ግን ያ ከባድ ነው። ያኔ አባባ «አመሰግናለሁ» ብሎ ወርዶ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ግን ለአባባ ምርቃት ነው። ዋናው ነገር አንድ ነው፤ መኪናዋ ሳትነሳ አድራ መገኘት አለባት። «የሞቀች መኪና ትዋሻለች» ይላል። በሞተሩ ላይኛውና ታችኛው ክፍል መሃል አንድ ስስ ነገር አለ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይሉታል፤ ውኃውን ከእሳቱ የሚለየው እሱ ነው። እሱ ካለቀ ሌሊት ውኃ ጠብ ጠብ ሲል ያድራል። ጠዋት በቀዝቃዛው ስትነሳ ትንተፋተፋለች፣ ከማርሚታዋ የሚወጣው ነጭ ጭስም ቶሎ አይጠፋም። አስቀድመው አሙቀው ከጠበቋችሁ ግን እንደ ሙሽራ ጸጥ ብላ ነው የምታገኟት። ስለዚህ አባባ ከሁሉ በፊት እጁን ገልብጦ ኮፈኑን ይነካል።

አንድ ደግሞ ሌላ መካኒክ ሲያደርግ ያላየሁት ልማድ አለው። ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ባለቤቱን ይጠይቃል፦ «ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ? የተኛ ሕፃን? ያዘነ ሰው?» ሰዎች ይገረማሉ። ሙሌማ «ጋሼ፣ መኪና ነው የምናስነሳው ሙት?» ብሎ ቀልዶበታል። አባባ አይስቅም፤ መልሱን ይጠብቃል። አለ ካሉት፣ ሕፃኑ እስኪነቃ ወይም ሰውየው ጎረቤት ዘወር እስኪል ይቀመጣል። እኔ ጨዋነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱን የነገረችኝ እናቴ ናት።

ከዓመታት በፊት፣ እኔ ሥራ ሳልገባ፣ እትዬ ጽጌ አዛይ ሊገዙ ተነሱ። ማሩን ጎጃም ድረስ ሄደው በምላሳቸው ካልመረጡ አይሆንላቸውም፤ የአባይን በረሃ ወርዳ የምትወጣ ትንሽ መኪና ፈለጉ። አንዲት ወዳጃቸው ባላቸው ሞተውባቸው መኪናቸውን ሊሸጡ ነበር፤ የሟቹ አርባ እንኳ ገና አልወጣም። አባባና እትዬ ጽጌ ጠዋት ሄዱ። መኪናዋ ሟቹ ካቆሟት ጀምሮ ተነስታ አታውቅም፤ ከዚያ የበለጠ የቀዘቀዘች መኪና አባባ አግኝቶ አያውቅም። ቁልፉን ተቀብሎ ሊገባ ሲል ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙና «ድምጿን ስሰማ እሱ የመጣ ይመስለኛል» አሉ። አባባ ቁልፉን መልሶ ሰጣቸው። «ይቅር፣ አያስፈልግም» አለ። በዓይን የሚታየውን ሁሉ አየ፤ በሯን፣ ላሜራዋን፣ ጎማዎቿን፣ ሥሯን። ሁሉም ደህና ነበር።

በማግስቱ የሟቹ ወንድም መኪናዋን ነድቶ እትዬ ጽጌ ሱቅ በር ላይ አቆማት። አባባ ኮፈኑን ነካው፤ ትኩስ ነው። ትቀዝቅዝ ማለት ይችል ነበር፤ ሰውየው ግን ጥቁር ለብሶ፣ ቁልፉን ዘርግቶ፣ ፊቱ ቆሟል። አባባ ሞተሯን አዳመጠ፤ ጸጥ ያለች ናት። «ደህና ናት» አለ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የእትዬ ጽጌ እናት ጎጃም ሞቱ። እትዬ ጽጌ መርዶውን እንደሰሙ በዚያችው መኪና ወጡ። በረሃውን ወርደው ዳገቱን ሲይዙ መኪናዋ ፈላች። ውኃ ሞሉላት፣ ትንሽ ሄደች፣ ቆመች። እንደገና ሞሉላት፣ እንደገና ቆመች፤ ያለቀው ያ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነበር። አንድ የጭነት መኪና ጎትቶ ደጀን ሲያደርሳቸው ቀብሩ አልፏል።

እትዬ ጽጌ ከአባባ አልተጣሉም። አንዲት ቃል አልወቀሱትም። መንገድ ላይ ሲያገኙት እንደ ድሮው ጎንበስ ብለው «እንደምን አደሩ ጋሼ ከድር» ይላሉ፤ ለረመዳን እንደ ድሮው ማር ይልካሉ። ሰላምታቸውን አላቋረጡም። ጥያቄያቸውን ነው ያቋረጡት። ያቺን መኪና ሸጠው ሌላ ሲገዙ ለሌላ ሰው አሳዩ። አባባ ወንበሩ ላይ ሆኖ መኪናቸው ስታልፍ ይሰማል፤ «የኋላ ጎማዋ ኩሽኔታ መጮህ ጀምሯል» ይላል ለራሱ። ሄዶ አይነግራቸውም። ማን ጠይቆት።

እንዲህ እንዳለ ነው ባለፈው ዓመት ጡረታ የወጣው። አንድ ቀን መኪና አይተን ስንመለስ «የቀኝ ኩሽኔታዋ እንዴት ነው የሚጮኸው» አልኩት። ቆመ። «ይጮሃል እንዴ?» አለኝ። ቤት ስንደርስ ማግኔቱን ከኪሱ አውጥቶ ፍሪጁ በር ላይ ለጠፈው። ሌላ ሥነ ሥርዓት አልነበረም። እናቴ በማግስቱ የመብራት ቢሉን ሰካችበት።

አሁን ገባችሁ? እትዬ ጽጌ የጠየቁት ይኼን ሰው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከእትዬ ጽጌ ጋር ሦስታችን ሆነን ሄድን። መኪናዋ የአቶ ደምሴ ናት፤ የሰፈራችን እድር ዳኛ ናቸው። አያቴ፣ የአባባ ሚስት፣ የሞተች ጊዜ ድንኳኑን ቆመው ያስተከሉልን እሳቸው ናቸው። ስንደርስ ሙሌ ቀድሞን ግቢው ውስጥ መኪናዋን በጨርቅ ይወለውላል። አቶ ደምሴ በሩ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ ከድር። እንዳትቸገሩ ብዬ ገና ሳይነጋ አሙቄ ጠበቅኋችሁ።»

አባባ እጁን ገለበጠና ኮፈኑን ነካው። እኔ ፊቱን አየሁ። እትዬ ጽጌም ፊቱን ያዩ ነበር። እኔ በሆዴ «ያው እንደዚያኛው ሊሆን ነው» አልኩ፤ ድንኳን የተከለልህን ሰው ምን ትለዋለህ?

«አቶ ደምሴ» አለ አባባ፣ «ክፋት አይምሰልዎ። እስክትቀዘቅዝ እንጠብቃለን።»

«እስክትቀዘቅዝ?»

«ጥሩ አድርጋ።»

ሙሌ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ እስከ ከሰዓት አትቀዘቅዝም። ምሳ ሰዓት ሊያልፈን ነው?»

«አንተ ሂድ። ስትቀዘቅዝ እናስጠራሃለን።»

«እኔ ከሄድኩ ማን ይዋሽላችኋል?» አለና እሱም ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

አቶ ደምሴ ግን ከፋቸው። «እኔን አላመኑኝም ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

አባባ «እርስዎንማ አምናለሁ» አለ። «የማላምነው ሙቀቱን ነው። አንዴ አምኜው ሰው ጎድቻለሁ።» ይኼን ሲል እትዬ ጽጌን አላያቸውም። እሳቸውም መሬት መሬት ነበር የሚያዩት።

ግቢው ውስጥ ካለችው ኮክ ሥር ወንበር አወጡልን። የአቶ ደምሴ ባለቤት ሻይ አመጡ፤ አባባ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመስግኖ መለሰ። ሻጭ ናቸዋ። እትዬ ጽጌ አዩትና ከዘንቢላቸው ዳቦ አውጥተው ቆረሱለት። ከገዢ ይቀበላል። ተቀበለ። ጸሐይዋ ከአጥሩ ላይ ወርዳ ወደ እኛ መጣች፣ ወንበራችንን ወደ ጥላው ሳብን፣ ጥላውም ሸሸ፣ ደግመን ሳብን።

«ሴትዮዋን በቀደም አገኘኋቸው» አሉ እትዬ ጽጌ በመጨረሻ።

አባባ የትኛዋን ብሎ አልጠየቀም።

«የእናቴን ቀብር ነገር አያውቁም ነበር። ስነግራቸው አለቀሱ። 'ያ ሰውዬ ቁልፉን መልሶ የሰጠኝ ጊዜ፣ በዚያ ሰሞን ያዘነልኝ እሱ ብቻ ነው' አሉኝ።»

አባባ ዳቦውን እንደያዘ ነው። «ማስነሳት ነበረብኝ» አለ።

«ፊታቸው ላይ?»

«ጎረቤት ልኬያቸው። አንቺ ይዘሻቸው ትወጫለሽ፣ እኔ አስነሳለሁ፣ ሰምቼ አጠፋለሁ፣ ትመለሳላችሁ። ይኼን ያህል ቀላል ነበር። የዚያን ቀን አልመጣልኝም። ከዚያ ወዲህ ነው በየቀኑ የሚመጣልኝ።»

«መጥተው ይኼን ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«ሳትጠይቂኝ በምን አፌ ልምጣ?»

«እኔስ ሳይመጡ እንዴት ልጠይቅ?»

ሙሌ ከድንጋዩ ላይ «እንዲህ ከሆነማ እንኳን መኪና ምጣድም ይቀዘቅዛል» አለ፤ መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ጽጌ ናቸው። አባባም ዳቦውን በላ።

ከሰዓት በኋላ አባባ «ሀያት፣ አንቺ ንኪው» አለኝ። እጄን ገልብጬ ኮፈኑን ነካሁት። ጥላ ውስጥ እንደዋለ ድንጋይ ቀዝቅዟል። የሾፌሩ ወንበር ላይ ገብቼ ቁልፉን ያዝኩ። አባባ በግራ ጆሮው በኩል ወደ ሞተሩ ዞሮ ቆመና፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ወደ አቶ ደምሴ ዞር አለ።

«ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ? የተኛ ሕፃን?»

«የለም» አሉ አቶ ደምሴ።

«ያዘነ ሰው?»

እትዬ ጽጌ ይኼን ጥያቄ ሰምተው አያውቁም። ቀና ብለው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ሁልጊዜ ነው እንዴ በሚል ዓይን፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩላቸው። አቶ ደምሴ አፋቸውን ሳይከፍቱ እሳቸው መለሱ።

«ነበረች፣ ጋሼ ከድር» አሉ። «አሁን የለችም። ያስነሷት።»

ቁልፉን አዞርኩት። አንዴ ብቻ አጓርታ ተነሳች። ከማርሚታዋ ስስ ነጭ እንፋሎት ወጣና ወዲያው ጠፋ። አልተንተፋተፈችም። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ «አንቺስ ምን ሰማሽ?» አለኝ፣ «ምንም» አልኩት። ሜዳው ላይ ወጥተን ሙሌ መሪዋን ጠምዝዞ አዞራት፤ ከግራ የፊት እግሯ ቀጭ ቀጭ ሰማሁ፤ አልጎተተችም። የኋላ በሯን ቀና ሳደርገው ተወዛወዘ። ማግኔቱ አንድ ቦታ ወደቀ፣ የቀኝ ፓራፋንጎዋ ላይ፣ ከጎማው በላይ ባለው ላሜራ።

አባባ ፍርዱን ለገዢ ለብቻው ነው የሚናገረው። ያን ቀን ግን ሁሉም ባለበት ተናገረ። «ልቧ ጤነኛ ነው። የግራ እግሯ መገጣጠሚያና የኋላ በሯ ማጠፊያ አልቀዋል፤ ቀኟን አንዴ ተላትማለች። ያላትን በሽታ ሁሉ ነግራናለች። አባይን ትወጣለች።»

አቶ ደምሴ «ሞቃም ቀዝቅዛም ያው ናት ማለት ነው» አሉ፤ ገና ትንሽ እንደከፋቸው።

«ያው ናት» አለ አባባ። «አሁን ግን እኔም አወቅሁት።» ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሮ «እትዬ፣ ሥራው አልቋል፤ ያ ሻይ አለ?» አለ። የአቶ ደምሴ ፊት የተፈታው ያኔ ነው።

እትዬ ጽጌ መኪናዋን ገዙ፣ አሠሯት፣ ባለፈው ሳምንት ጎጃም ወጡ። አባቴ ሱቅ ተቀምጠን ስልክ ተደወለ። አባባ በግራ ጆሮው ያዘ፤ እኔም ጆሮዬን ከጀርባው ለጠፍኩ። «ደጀን ነኝ» አሉ እትዬ ጽጌ። «የሙቀቷ ቀስት ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። አሁን እናቴ መቃብር ልሄድ ነው።» አባባ «አጥፊያትና ትንሽ ትረፍ» አለ። ስልኩን ከመለሰ በኋላ ማግኔቱን እጁ ላይ እያገላበጠ ረጅም ጊዜ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ።

እናቴ የመብራት ቢሉን አሁን በልብስ መቆንጠጫ ነው የምትሰቅለው። አባባ ጡረታዬን አልተውኩም ይላል፤ ግን ይኼን ስጽፍ አይቶ «ለሚያነቡሽ ሰዎች ንገሪልኝ» አለኝ። እነግራችኋለሁ። ያገለገለች አዛይ ልትገዙ ካሰባችሁ ቅዳሜ ወደ እኛ ኑ። እሱ ይጠይቃል፣ እኔ ሥሯ እገባለሁ። ካደረችበት ድረስ ብትወስዱን ጥሩ ነው። ነድታችሁ ይዛችኋት ብትመጡም ግን ግድ የለም፤ ሱቁ በር ላይ ያለው ወንበር ረጅም ነው፤ ኮፈኑ እስኪቀዘቅዝ አብረን ቁጭ ብለን እናወራለን።